የቁልፍ ቀዳዳ

ኅዳር ዘጠና ሦስት፣ ሂርማታ ገበያ፣
ከልብስ ሰፊው ነጂብ፣ ከሱቁ መግቢያ፣
ራዲዮው ያወራል፣ ስለ ፍሎሪዳ፣
ስለ ድምፅ ወረቀት፣ ስለ ግማሽ ቀዳዳ።

እኔ ቁልፍ እተክላለሁ። ነጂብ ያዳምጣል።
ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስተው ያያሉ ሲባል
ገረመው፤ እሱም እንደዚያ ነው የሚያይ፣ ስፌት ሲመረምር።

«ብዙ ድምፅ ያገኘ እንዴት ይሸነፋል?»
አለች ዘምዘም፣ የልጇን ዩኒፎርም ልትወስድ መጥታ።
ጠመኔ አነሳ፤ በሰው ካኪ ላይ
ሃምሳ ቁራጭ ሣለ፣ አንዱን ሰፊ፣ አንዱን ጠባብ።
«ጨርቁ ስንት ክንድ ነው አትበይኝ» አላት፣
«ልብስ የሚያደርገው አቆራረጡ ነው።»
ዘምዘም አልተዋጠላትም። «ታዲያ የተረፈው ጨርቅስ?»
ወለሉን አየ። ቁርጥራጭ ሞልቶታል።
ዝም አለ።

ታኅሣሥ ሲገባ ዘጠኝ ዳኞች ፈረዱ፣
አምስት ለአራት።
ነጂብ እጆቹን ዘረጋ፤
አንድ ጣቱን ሲንጀሩ ከወሰደበት ወዲህ
ዘጠኝ ነው የሚቆጥረው።
አምስቱ አራቱን ጨበጠ፣ ቆየ።

የካኪው ባለቤት ኮቱን ለብሶ ሄደ።
ታች ላይ፣ ቀዳዳ ያልተበጀላት
አንዲት ቁልፍ ነበረች፤
የተከልኳት እኔ ነኝ።