ስም የሌለው ቁልፍ

ሰኞ ገበያ ላይ፣ ከእንድሪስ ጥገና፣
ስልክ ገዛሁ በርካሽ፣ ምስሉ ሞቷልና።
«ሲነኩት ይሰማል፤ ፊቱ ነው ጨለማ፤
ማን ያየዋል?» አለና ዝም አለ፣ ራሱን ሲሰማ።
«እኔም አላየውም» ስለው አብረን ሳቅን፤
በስድስት መቶ ብር ያለ ጭቅጭቅ ተላቀቅን።

ገበጣ ቢሆን ማንም አይረታኝም፤
ጉድጓዱን ጣቴ ያውቀዋል፣ ጠጠር አይጠፋኝም።
ይሄ ግን ልሙጥ ነው፣ እንደ ሐይቅ ውሃ ጀርባ፤
ጣቴ ዳር ዳር ይላል፣ በየት በኩል ልግባ?

የሰፈሩን ልጆች ጨዋታ፣ ያን ባለ መኪናውን፣
ከፈትኩት። ስልኬም አነበበ ያየውን፦
«ቁልፍ።» ወደ ቀኝ ሄድኩ። «ቁልፍ።» ዝቅ አልኩ። «ቁልፍ።»
ደርዘን ቁልፍ በእጄ፤ የማይከፍት፣ የማይቆልፍ።
ሕፃን እንኳ በሰባት ቀኑ ስም ይወጣለታል፤
ይሄን ሁሉ ቀለም የቀባ፣ በአንዲት ቃል ይሰስታል?

ሐምሌ፣ ጦሳን ጉም ውጦት፣ መብራትም ስለሌለ፣
የአክስቴ ልጅ ሙሄ «ይቺ በጆሮ ናት፣ ሞክሪያት» አለ።
ኮቴ በግራዬ። ሸሸሁ። ገደል በቀኝ፤
ነፋሱ ራሱ መንገዱን ነገረኝ።
ሙሄ ተራው ደርሶ ገደል ገባ፣ ሦስቴ፤
«ምንም አይታይም!» ሲል ቅቤ ጠጣ አንጀቴ።

ያቺን መኪና ግን አልተውኳትም ገና።
ቁልፎቿን አንድ ባንድ እየነካሁ፣ እየሰማሁ እንደገና፣
ስም አወጣላቸዋለሁ፦ አራተኛው «ጀምር»፣
ዘጠነኛው «ውጣ»፣ ከጎኑ «ፍሬን»፣ «ብር»።
የመጨረሻውን፣ ሥራው ምን እንደሆነ ስላላወቅሁት፣
ስነካው ዝም ስለሚል፣
«እንድሪስ» አልኩት።