በሩ ተሻለው

ላም የለኝ፣ ፍየል የለኝ፣ የማስረው በግ የለኝ፤
የከብት ሐኪም መጽሐፍ ነው ሃያ ዓመት ያንከራተተኝ።

ከምድር ባቡር ጡረታ ወጣሁ፣ ትኬት ስበሳ ኖሬ፤
ዛሬ ከዚራ ጥላ ሥር ገጽ እቆጥራለሁ፣
በጣቴ፣ በከንፈሬ።

ዶክተር ልሳነወርቅ፣ አፍ ለሌለው ሁሉ አፍ የነበረ፣
በላንድሮቨር ቆላ ደጋ ሲል፣ በጭቃ ሲያድር የኖረ፣
ያየውን በሦስት መጽሐፍ ጻፈ።
ያኔ ፊደል የቆጠረ ሁሉ አነበበው፣
ባቡር ላይ፣ በርጫ ላይ፣ ከቤት ቤት እየተዋሰ፤
ጠርዙ ነተበ፣ ጀርባው ተገፈፈ።

«በሽተኛዬ አይናገርም» የመጀመሪያው፤
ሁለተኛው «እስከ ክርኔ»፣
ምጥ የጠናባትን ላም እጁን ሰዶ ያዋለደበት፤
ሦስተኛው «የግመል ቂም»፣
እሱን ባታነሱብኝ ይሻላል ለእኔ።

የምሻው የፊተኛውን እትም ነው፤ ሌላ አልነካም።
አለምሸት ትስቃለች፦
«የሰው ላም በሰማይ ናት አሉ፣ ያንተ በመደርደሪያ፤
ቃሉ ያው፣ ታሪኩ ያው፣
ቀድሞ መታተም ምኑ ነው ሙያ?»

ሙያው ስህተቱ ነው።
ገጽ አርባ ሰባት፣ ከታች ሦስተኛው መስመር፤
ሐኪሙ «በሬው ተሻለው» ብሎ ቢጽፍ፣
ፊደል ለቃሚው፣ የድሬ ሐሩር አናቱን መትቶት፣
«በሩ ተሻለው» ብሎ ለቀመው ማንንም ሳያማክር።
ኋላ አረሙት።
እኔ ያልታረመውን ነው የምፈልገው፣
እንጨት ታሞ የዳነበትን።

ቀፊራ ለውዝ ገዝቼ
መጠቅለያውን ብዘረጋው ገጽ አሥራ ዘጠኝ ሆኖ አገኘሁት፤
ሮጬ ብመለስ ሻጯ ሳቀች፦ «የቀረውንማ ሕዝቡ በልቶት ሄደ።»
ቅባቱን በዱቄት መጥጬ አስቀመጥኩት።

«እስከ ክርኔ»ን ከሐረር አመጣሁ፣ ሸዋ በር፣ ከአንድ ሉካንዳ፤
ያን ሁሉ ጥጃ ያዋለደ መጽሐፍ
ሚዛን ሥር ተነጥፎ ሥጋ ያስተካክላል።
«ሚዛኔ እንዳይዋሽ ምትክ አምጣ» አለኝ ባለቤቱ፤
አሮጌ የስልክ ማውጫ ሰጥቼው ወጣሁ፣ ያ ይበቃዋል።

«የግመል ቂም»ን ደቻቱ በሌሊት ደርሶ ከነሣጥኑ ወሰደው።
ሰው በበላ ጎርፍ ላይ ስለ ወረቀት አይከሰስም።
ዝም አልኩ።

ዘንድሮ ሙክታር የሚባል የባጃጅ ልጅ
«አክስቴ ጋ አንድ አለ» አለኝ፤
ደንገጎን ሽቅብ ወጣሁ፣ ጉልበቴ እየተሳደበ፣ ልቤ እየቀደመኝ።

አዴ ሙሚና ከሻሽ ፈትታ ሰጠችኝ።
አርባ ሰባት። ከታች ሦስተኛው።
አለ! ግን በሰማያዊ ቀለም
«ሩ» ተሰርዞ «ሬው» ሆኗል፣ ከጎኑም ፊርማ፣
የራሱ የልሳነወርቅ እጅ።
ተበላሸ ልበል? ወይስ ከበረ?
እጄ ኪሴ ገብቶ ብር ቆጠረ።

«የኛ በሬ ነው» አለች፣ «ቡሬ።
ሦስት ቀን ወድቆ፣ ሐኪሙ እዚህ መሬት ላይ አብሮት ተኝቶ አስነሳው።
ኋላ መጽሐፉን ሊሰጠን ሲመጣ
ስህተቱን አይቶ አፈረ፣ ሰረዘው።
እኔ ፊደል አላውቅም፤ ባሌ ነበር የሚያነብልኝ፣
እስኪሞት ግን የተሰረዘውን ነው ያነበበው።
ቡሬ ወድቆ ቢቀር
ይኼ በር ይዘጋ አልነበረ?»

ዞሬ በሩን አየሁት።
ሳንቃው በቆርቆሮ ተጠግኗል፤
ማጠፊያው የጎማ ቁራጭ ነው፤
አንዲት ግልገል በስንጥቁ አፍንጫዋን ሰዳ ታሸተናለች።
ብሩን ኪሴ ውስጥ ተውኩት።

ሲመሽ ድሬ ወረድኩ፤ ሙቀቱ ደጅ ድረስ ወጥቶ ተቀበለኝ።
«ላሚቱስ?» አለች አለምሸት።
«አላመጣኋትም፤ ወተቷን ግን አየሁ።»
«እንግዲያ በሩን ዝጋው፣ ቢንቢ ይገባል።»

ጥቂት አቆየሁት።