ግራ መስመር

ስልኩ ሁለቴ ነው በአንድ ማታ የጠራ፤
ውጭ ዝናብ ነበር፤ ሮተርዳም ወደብ ላይ
የክሬኑ መብራት ሲጠፋ፣ ሲበራ።
ኢቫንድሮ ወንድሜ ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
ከፍሪጅ ያወጣሁትን የአተር ከረጢት ጉልበቱ ላይ ጭኖ።

የመጀመሪያው ደዋይ የሆላንዱ ሰው ነው፤
ትሑት፣ ቁጥብ፣ እንደ ባንክ ሠራተኛ፤
«ስምህ ዝርዝር ላይ አለ፤ ምናልባት በመጋቢት።
እስከዚያ ተጠባባቂ ነህ፤ አራተኛ።»

ሁለተኛው ከፕራያ፤ ድምፁ ይቆራረጣል፤
ከበስተጀርባው ዶሮ ይጮኻል፣ ሕፃን ይስቃል።
በክሪዮል ነው የሚያወራው፤ ወንድሜ ይሰማል፤
መመለስ ሲሆን ግን አፉ ይታሰራል።
ስልኩን ወደ እኔ ገፋው።
«እኛ ጋ ተጠባባቂ የለም» አለኝ ሰውየው፣ «ልጆቻችን ጥቂት ናቸው፤
ከመርከብ፣ ከጋራዥ፣ ከሆቴል ለቅመን ነው የምናመጣቸው።
ማልያው ተሰፍቷል፤ ምናልባት ይሰፋው ይሆናል።
ይምጣና ይለካው፤ መርፌ እዚህም ይገኛል።»

አባታችን ዜፌሪኖ ከሳን ቪሴንቴ ሲመጣ
አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤
በዘመድ ጫማ፣ በዕዳ ብር።
«ደሴቲቱን ምረጥ» ይለዋል ብለን ሁላችን ስንጠብቅ፣
ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል፣ ሳይስቅ፣
«እኔ በጓሮ በር የገባሁ፣
ሠላሳ ዓመት የሰው መርከብ የቀባሁ፣
አንተ በፊት ለፊቱ እንድትገባ ነው፤ ግባ!»
እናቴ ኦርላንዳ፣ የሆስፒታል ወለል ወልውላ ስትገባ፣
ካፖርቷን ሳታወልቅ የአተሩን ከረጢት አንሥታ፣
«ይሄ ጉልበት አብጧል» አለች፤
«አገር የሚባለው ይቆየን፣ ለነገ ማታ።»

ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ የሱ ጽሕፈት አይነበብም፤
ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የእናት ስም፤ ይሄ አያስቸግርም።
አንዲት ሣጥን ቀረች፣ ከትንሽ ጣት ጥፍር የማትበልጥ፤
ዙሪያዋን ይዞራታል እንደ ጉድጓድ፣ ሲቆም፣ ሲቀመጥ።
እዚህ «ከየት ነህ?» ይሉታል፣ ጎል የገባብን ቀን በተለይ፤
እዚያ አንድ ክረምት ሄደን
«ሆላንዴው» አሉት ልጆቹ፣ አሸዋ ላይ።
ወሰነ ማለት ምንድን ነው? ወሰን አሰመረ ማለት ነው፤
በገዛ አካል መካከል አጥር አቆመ ማለት ነው።
ሜዳ ውስጥ ግራ ተከላካይ ነው፤ ያውቃታል መስመሩን፣ የኖራዋን፤
ከሜዳ ሲወጣ ግራ ገባው፤ አጣት መቆሚያዋን።

በጥር፣ በልምምድ ሜዳ፣ ማንም ሳይነካው ወደቀ።
ጉልበቱ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ደረቅ ጭራሮ ደቀቀ።

መጋቢት መጣ፣ አለፈ።
የሆላንዱ ሰው አበባ ላከ፤ ጥሩ አበባ ነው፤
ካርዱ ላይ ግን «ኢቫን» ይላል፤ ግማሹን ስም ማን በላው?
የፕራያው ሰውዬ እሑድ እሑድ ይደውላል፤
ለወንድሜ አይደለም፤ አባቴን ይጠይቃል።
ስለ ነፋሱ ያወራሉ፣ ስለ ቱና ዋጋ፣
በሕይወት ስላለ፣ ስለሌለ ሰው፤
ኢቫንድሮ ክራንቹን ተደግፎ በሩ ሥር ይሰማል፤
ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ያላየሁ መስዬው።

ባለፈው እሑድ ስልኩን ቀድሞ አነሣ።
ላብ አጠመቀው፤ ቃል ሲፈልግ ቆየ፤ ከዚያ በክሪዮል፣
«ጉልበቴ... ጉልበቴ መጣ» አለው።
«ዳነ» ሊል ፈልጎ ነው።
አባቴ ከሶፋው ላይ «ዳነ በል፣ አንተ!» ብሎ ጮኸ፤
ሰውየው እዚያ ማዶ ሳቀ፣ ዶሮውም ጮኸ።

ቅጹ አሁንም መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ከመብራት ደረሰኝ በታች፤
ሣጥኗ ባዶ ናት፤ ዛሬ ጠዋት አየኋት፤ ባዶ ነች።
ብዕሩ ግን የለም።
እናቴን ጠየቅኋት፤ አላየችም።