አንድ ፍሬ

አዳራሹ ሞልቷል፤ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ይጨፍራል፤
ከንቲባው ሜዳሊያ ይዞ ጉሮሮውን ይጠርጋል።
«የሠላሳ ዓመት አገልግሎት» ይላል ከወረቀት፣
ለዶኛ ኤዱቪና ካርካሞ፣ ለደሴታችን ፋርማሲስት።
እሷ ግን ከፊት ወንበር፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣
ዓይኗን ከግድግዳው ሰዓት አትነቅልም፣ እንዳለባት ወረፋ።

ሰዉ በተራ ተነሣ።
«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አለች ኦርፌሊና፣
«ካርቶኑ ላይ ፀሐይ ሳለችልኝ፣ ጨረቃ ሳለችልኝ፣ ታውቀኛለችና፤
ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ ሰማይ እያየሁ እውጣለሁ በጤና።»
ድንች ነጋዴው ኡልዳሪሲዮ፦
«ጀልባ ሦስት ቀን ስትቀር፣ ማዕበል ባሕሩን ሲያርሰው፣
ለልጄ ኢንሱሊን የመጣው በማን ታንኳ ነው? በየትኛው ሰው?»
ብሎ ጠየቀ። መልሱን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አልመለሰው።
«ደግሞ ለሽሮፕ ዋጋ ጆንያ ድንች ብወስድላት አምሽቼ፣
‹ተከፍሏል› ብላ ጻፈች፤ ድንቹን ግን ደጄ አገኘሁት ማለዳ ወጥቼ።»

ተራው ደረሰኝ።
እኔ ባልዶሜሮ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ንግግር የማልችል፣
ባርኔጣዬን እንደ መረብ እያገላበጥኩ ቆምኩ፣ ጉልበቴ ሲዝል።
«ሰው ሁሉ ስለሰጠችው ያመሰግናል» አልኩ፣
«እኔ ግን ስለከለከለችኝ ነው ዛሬ እዚህ የቆምኩ።»
ከንቲባው ወረቀቱን ገለበጠ። እንዲህ ያለ አልተጻፈም።

ባሕር ልጄን፣ ኤላዲዮን፣ የወሰደ ሰሞን፣
ታንኳዋ ያለ መቅዘፊያ ተመለሰች፣ ባዶዋን።
እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሐኪሙ ከባሕር ማዶ ጻፈልኝ፤
ሠላሳ ፍሬ ክኒን፣ በአንድ ብልቃጥ፣ በአንድ ቀን እንዲሰጠኝ።

ዶኛ ኤዱቪና ወረቀቱን አየች፤
ከዚያ ያንን የሐኪም ጽሕፈት እንደምትፈታው፣ ፊቴን አነበበች።
ሠላሳውን ሰማያዊ ትሪዋ ላይ በአምስት በአምስት ቆጥራ፣
ሃያ ዘጠኙን ቆለፈች። አንዷን ሰጠችኝ፣ ከውሃ ጋራ።
«የቀረው እኔ ዘንድ ነው» አለች። «ነገ ማታ ና።»

ተቆጣሁ። «ፊርማ አለበት! ገንዘቤን ከፍያለሁ!»
ባንኮኒውን በጡጫ መታሁ፤ ሚዛኗ ወደቀ። «እከስሻለሁ!»
ሚዛኗን አነሣች። በጋዋኗ ጫፍ ጠረገችው።
«አንድ ሰዓት ላይ» አለች፣ «ዝናብ ልብስ ልበስ።»
የፋርማሲው በር የሚዘጋው አሥራ ሁለት ላይ ነበረ፤
ለእኔ ግን አንድ ቢጫ አምፖል ስንት ምሽት ሳይጠፋ ኖረ።

ሄድኩ። በጭቃ፣ በጨለማ፣ እየተራገምኩ ሄድኩ።
ፊቷ ዋጥኩ፤ አፌን ከፍቼ አሳየሁ፣ እንደ ሕፃን ታዘዝኩ።
አንድ ማታ ስለ ነፋስ አወራን። ሌላ ማታ ዝም።
አንድ ማታ ስለ ኤላዲዮ፦ በአራት ዓመቱ፣ ሳል ይዞት፣
ሽሮፑን ጋዋኗ ላይ እንዴት እንደተፋባት፣
ምልክቱ ታጥቦ እንዳልለቀቀላት።
ሳቅሁ። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

በሃያ ሦስተኛው ማታ ክኒኗን ረሳኋት።
ወሬ ይዞን፣ ከውሃው ብርጭቆ ጎን ትቻት፣
ቤቴ ገብቼ ወፍ እስኪንጫጫ ተኛሁ።
በማግስቱ የተረፉትን ፊቴ ቆጥራ አስወገደች፤
መዝገቧ ላይ «ባለቤቱ አልፈለጋቸውም» ብላ ጻፈች።

ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል፤ ልኩን ግን ማን ነገረን?
ሲበዛ መርዝ ነው፣ ሲያንስ አይደርስ፤ እሷ ናት ሰፍራ የሰጠችን።

ይህን ብዬ ተቀመጥኩ። ማንም ወዲያው አላጨበጨበም፤
ኦርፌሊና አፍንጫዋን ተናፈጠች።
ከንቲባው ሜዳሊያውን አጠለቀላት።
ዶኛ ኤዱቪና ከአንገቷ አውልቃ፣ ወደ አምፖሉ አስጠግታ፣
ፊቱን አየች፣ ጀርባውን አየች፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ፣
ፈለገች፣ ከልማድ፣
የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃው መቼ እንደሆነ የት እንደተጻፈ።