መጀመሪያ ቆሻሻው

ከኮላም በታች ነው፣ ከድንጋዩ ግድብ ሥር፣
ጀልባችን ቀን ቀን እያንቀላፋች የምትታሰር።
አዛዧ ክሊተስ ነው፤ ነፋስ በአፍንጫው ያነባል፤
ፊደል ይስተው እንጂ ደመና አይስተውም ይባላል።
እኔ የሁሉ ታናሽ፤ ሥራዬ የሚሸጥ፣ የማይሸጥ፣
መረብ ሲዘረገፍ ለይቶ ማስቀመጥ።
ሳርዲን ወደ ቅርጫት፣ ሽሪምፕ ወደ በረዶ፤
አሳ ጎርጓሪ ድሮ ያወጣ ነበር ዘንዶ፣
ዛሬ የሚወጣው ፌስታል ነው፣ ሃይላንድ፣
የጥርስ ብሩሽ ነው፣ የነጠላ ጫማ ገመድ፤
አንዴማ አሻንጉሊት፣ ዓይኗ የፈዘዘ፣
ፀጉሯ ውስጥ ሸርጣን ጎጆ የያዘ።

«ወርውር!» ይላል ክሊተስ፤ እኔም እወረውራለሁ፤
ከባሕር የመጣ ለባሕር ነው እላለሁ።
ደግሞስ ቀኑ አጭር፣ ናፍጣው ውድ፤
ለማይሸጥ ነገር ማን ሸክም ይወድ?
ያው ፌስታል በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል፣
ደጅ እንደለመደ ሰው መረቡን ያንኳኳል።

ሰሌዳ ተክለው ነበር፣ «ባሕሩን ጠብቁ» የሚል፤
ጀርባውን ያክበታል የቄሱ ፍየል።
ፊልምም አሳዩን ነበር፣ በአንሶላ፣ አንድ ምሽት፤
አለቀስን ሁላችን ኤሊዋ ስትሞት፤
በማግስቱ ወረወርን።

ፊሎሚና ፊልም የላት፣ ሰሌዳ የላት፤
ያላት አንድ ሚዛን፣ አንድ የዛገ ሰንሰለት፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ አሳ የገዛችበት።
አንድ ሰኞ ማለዳ፣ ቅርጫታችን ሞልቶ፣
ክሊተስ ለክርክር ጉሮሮውን አጽድቶ፣
መዳፏን ሚዛኑ ላይ ዘርግታ ዘጋችው፤
«መጀመሪያ ቆሻሻው። የታለ?» አለችው።
«የምን ቆሻሻ?»
«መረብህ ውስጥ የነበረው።»
«ወረወርነዋ!»
«እንግዲያው አሳህንም እዚያው ወርውረው።»

ሳቀ ክሊተስ። ዞረ ወደ ትሬሲያ ሚዛን፤
የሷም መዳፍ እዚያው፤ ቀጥሎ አግነስ፣ ቀጥሎ ሊሊያን።
ሴቶቹ ማታ መክረዋል፤ ማንም አልነገረን፤
በረዶው እየቀለጠ፣ ዝንቡ እየወረረን።
«አሳ ግማቱ ከአናቱ» አለች አንዷ ከኋላ፣
ዓይኗን ክሊተስ መላጣ ላይ ጥላ።

ያን ቀን በግማሽ ሸጥን፣ ለዶሮ መኖ ነጋዴ፤
ክሊተስ ሲራገም ዋለ፤ እኔም፣ ተርቦ ሆዴ።
በማግስቱ ጆንያ ጀልባው ላይ ተቀምጧል፤
ማን እንዳመጣው እንጃ፤ ክሊተስ ግን ዓይኑን ሰብሯል።

ይኸው ሁለት ክረምት ጆንያው ይመዘናል፣
ከአሳው ቀድሞ። አንዳንዴ ከአሳው ይከብዳል።
ባሕሩ ነጽቷል? ኧረ እንዲህ አይባልም፤
ከወንዝ የሚወርደው ገና አልጎደለም።
ግን ያንኑ ፌስታል ሁለት ጊዜ አናወጣም።

ይህን የምነግርህ ልመክርህ አይደለም፤
ምክርማ ሰሌዳው ላይ ነበር፤ ያነበበው የለም።
ግን አንተም መረብ አለህ፣ ባሕር ባይኖርህ፤
ደጋግመህ የምትወረውረው፣ ደጋግሞ የሚመጣብህ።
ሚዛንህ ላይ መዳፉን የሚዘረጋ ማን አለህ?

ትናንት ሌሊት ጨረቃ የለች፣ የብስ አይታይ፣
ሚዛኑ ሩቅ፣ ሴቶቹም እንቅልፍ ላይ፣
ክሊተስ አንድ ሃይላንድ አነሣ ከመረቡ፤
ክንዱ ወደ ኋላ ሄደ፣ እንደ ጥንቱ፣ እንደ ልቡ፤
ቆመ።
ጨዋማውን ውኃ አንጠፈጠፈ፣ ክዳኑን ፈለገ፣ አጣ፣
ከመቀመጫው ሥር ወሸቀው፤ ትንባሆውን አወጣ።

ማንም አላየኝ ብሏል።
እኔም አላየሁትም።