ባለ አራት ቁልፍ

ለሊቨን፤ ጌንት ከተማ፣ ከመብራት ክፍል

ድሮ ጥጥ ሲፈተል የኖረበት ቤት ነው ትያትር ቤታችን፣
ዝናብ የጣለ ለት ጣራው ሳይጋበዝ ይተርካል አብሮን።
ሰማንያ ወንበር፣ ሦስቱ እግረ ሰባራ፣
ጠረጴዛ፣ ውሃ፣ አንድ ሰው ሲያወራ።
በቃ፣ ይኸው ነበር።
እኔ ከበስተኋላ፣ ከጠባቧ ክፍል፣ ጣቴን ቁልፍ ላይ ጥዬ
አሥራ አንድ ክረምት ፊቱን አበራሁት፣
ሲከሳ እያየሁ፣ ሲያረጅ እያየሁ፣ ዝም ብዬ።

ሊቨን የሚያወራው የራሱን ነው፣ የሰው ስም አይጠራም፦
አባቱ ጀልባ ነጂ፣ እናቱ ጓንት ጠጋኝ፣
እሱ የወንዝ ዳር ልጅ፣ ዋና እንኳ አይችልም።
ሚስቱ የፈታችው ለት ድመቷን ትታለት ሳህኗን መውሰዷ
«እስከ ዛሬ አልገባኝም» ይላል፣ «ምን ይሆን መንገዷ?»
ሰው ይስቃል። ሳቁ ግን መሀል ላይ ይሰበራል፣
ደረጃ አለ ብሎ በጨለማ እግሩን እንደሰደደ ሰው ባዶ ይረግጣል።
ያኔ ብርሃኑን በአንድ ጣት ዝቅ አደርጋለሁ፤
ምልክት አይሰጠኝም፣ ትንፋሹን አውቃለሁ።

አንድ የኅዳር ሌሊት ባቡር አምልጦኝ፣
ሌዬ ወንዝ ዳር ቢራ ጋበዘኝና፣ «ያንተስ?» ብሎ ጠየቀኝ።
ነገርኩት።
ደሴ ላይ፣ አባቴ ከሞተ በሁለት ሳምንቱ
ልብስ ሰፊው ይመር ኮቱን አጣጥፎ መጣ፤ አልሰማም መሞቱን፣ ገጠር ነው ክራሞቱ።
ግራጫ፣ ባለ አራት ቁልፍ።
እናቴ ቀሪውን ሒሳብ ቆጥራ ከፈለች፣
አላለቀሰችም፤ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቀለች።
እኔ የሰባት ዓመቱ፣ ትምህርት ቤት ስሄድ ጠዋት ጠዋት
እጅጌውን ጨብጬ «እንደምን አደርክ» እለው ነበር፣
ሰላምታ ሳልሰጥ እንዳልወጣ ከቤት።

ሊቨን ዝም አለ። የቢራው አረፋ ከሰመ።
በየካቲት ትርኢት ያ ኮት በሰው ፊት ቆመ፣
የሱ አባት ኮት ሆኖ!
ደሴ ጌንት ሆና፣ ይመር ሌላ ሆኖ፣
ግራጫው ሰማያዊ፣
አራቱም ቁልፍ ስድስት።
ሰው አለቀሰ። ጋዜጣ አወደሰ።
የኔ ጣት በሰዓቱ ብርሃን ዝቅ አደረገ፣ አንጀቴ ግን ጨሰ።

አንድ ነገር ብቻ ሳይለውጥ ተወ፦
«ኢንዴሚን አዴሪክ»
እየተኮላተፈ፣ እየተሰናከለ፣ በየማታው አለው።
ተመልካች የልጅ ቋንቋ መሰለው፣ ፍቺ የሌለው፤
እኔ ግን አውቄዋለሁ፣
ያበዳሪውን ደጅ በየማታው የሚሳለም ባለዕዳ ነው።

ጠየቅኩት አንዴ፣ ዕቃ ስንሰበስብ፤
«ቁልፉ ለምን ስድስት?»
«አራቱ ያንተ ናቸው» አለ፣ «ሁለቱን ከራሴ ነው የጨመርኩት።»
ተናድጄ ሳቅሁ። ሁለቱ ምን እንደሆኑ ግን ሳልጠይቀው ቀረሁ።

በመጋቢት ሞተ፤ ገበያ መሀል ሽንኩርት ሲመርጥ።
ቲኬት ለምትቆርጠው ልጅ ያባቴን ኮት ባጫውታት፣
«የሊቨንን ታሪክ» አለች፣ «እንዴት አድርገህ ነው የያዝካት!»
ሟች ባዶ እጁን ነው የሚሄደው ይላሉ፤
ሊቨን ግን ሲሄድ ያባቴን ኮት ለብሶ ነው፣ ምን ይላሉ?

ልጁ ሀደቪክ ለመታሰቢያው ምሽት «ወንበሩን ብቻ አብራልን» አለችኝ።
በሩ ሳይከፈት፣ ሰማንያውም ወንበር ባዶ ሳለ፣
ውሃ ሞላሁለት። ቁልፉን ገፋሁ።
ባዶውን ወንበር አየሁ፣ ብዙ አየሁ፣
«እንደምን አመሸህ» አልኩት
ሳልኮላተፍ፣ ቀስ ብዬ፣ በደሴ አነጋገር፤
ጣራው ላይ ዝናቡ ይጀምራል መሰል፣ ማካፋት ጀምሮ ነበር።