የመጋቢት ወረቀት

ማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት፣
ለሰኔው መቶ ማይል የአሥራ ሁለት ሳምንት ስሌት፣
«ማክሰኞ ዳገት» ይላል፣ «ቅዳሜ አርባ ኪሎ ሜትር»፤
በዌልስ ሸለቆ ግን መጋቢት የበጎች ነው ወር፣
ምጥም ቀጠሮ አያከብር።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ክንዴ እስከ ክርን ጠልቆ
የታጠፈ እግር ይፈልጋል፣ ከጨለማ ጋር ተናንቆ፤
ጎህ ሲቀድ የጫማ ክር የሚቋጥር ጣት የለኝም፤
ቆሞ ማንቀላፋትን ከታካሚዎቼ ተማርኩ፣
ከፈረሶቹ። እነሱ ግን አይወድቁም።

ባሌ ጌራይንት ያመለጡኝን ቀኖች በቀይ ይሰርዛል፣
እሱ ምንም አይልም። ቀዩ ይናገራል።

እሑድ፣ ከሜይሪግ እርሻ፦ «ከቀትር ጀምሮ ታምጣለች»፤
መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል፣ መኪናዬ ጭቃ ውስጥ ቀረች።
ከልምምድ ቦርሳዬ ውሃውን ደፋሁ፣
ገመድ፣ መርፌ፣ ጓንት አጭቄ ኮረብታውን በዝናብ ወጣሁ።
ሰዓቴን አላየሁም፣ ትንፋሼን አልቆጠርኩም፤
ቁልቁለቱ ላይ ስወድቅ መርፌውን እንጂ ጉልበቴን አልዳሰስኩም።

ሜይሪግ ከበረቱ ደጃፍ ባትሪውን ፊቴ ላይ አበራና
«መኪናሽስ?» አለ። ለመልስ የሚተርፍ ትንፋሽ የለምና
እጄን ብቻ ታጠብኩ።

አንደኛው በእግሩ መጣ። ሁለተኛው ሳይተነፍስ፤
በገለባ አሸሁት፣ አሸሁት፣
እስኪያስነጥስ።

እኩለ ሌሊት ወረቀቱ ፊት ቆምኩ። የእሑድ ዓምድ «ዕረፍት» ይላል።
ሰረዝኩትና፣ ጭቃው ባልለቀቀው ጣቴ፣
«ሰባት ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ግልገል» ብዬ ጻፍኩ።
ጌራይንት አነበበው። ቀዩን እስክርቢቶ ፈለገ፤
ተወውና፣ ካልሲዬን ማሞቂያው ላይ ገለበጠ።